የመሰላ መንገድ ወተት

ቢሾፍቱ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነስሪን፤

እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ? ወደ በደሳ ሄዶ ሱቅ የከፈተው ወንድምሽስ ይጠይቃችኋል? እኔ በኅዳር የወተት ቤቴን ጭሮ ላንቺ አስረክቤ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ፣ ከጆሮዬና ከራሴ ማዞር በቀር ምንም አልልም። አንዱ ጆሮዬ ከድሮም አልነበረም፤ ሁለተኛውም በገና ሰሞን ጨርሶ ተዘጋ። ሐኪሙ መኪና እንዳልሳፈር በወረቀት ጽፎ አሳይቶኛል። ሚካል ልጄ ናትና ትታገሠኛለች፤ ባሏ ግን በእጁ ሲያናግረኝ ዝንብ የሚያባርር ነው የሚመስለኝ።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ አብዱናስር አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቁሞ ራሱ ሰጠኝ። ቆሞም ብዙ አወራልኝ። ምን እንዳለ እግዚአብሔር ይወቅ፤ እኔ አንገቴን ነቀነቅኩለት፣ እሱም ደስ ብሎት ሄደ።

ሆቴሉ "ወተታችሁ ቀጥኗል" ብሎ መለሰው የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ውሃ! እኔ ቤት በሚገባ ወተት ላይ ውሃ! ባለፈው ሳምንት የሚካል ባል "ፍሪጅ የላችሁ፣ መኪና የላችሁ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳትከስሩ ቆያችሁ?" ብሎ ጽፎ ጠይቆኝ ነበር። በኩራት ነው የመለስኩለት። በመሰላ መንገድ ካለችው መንደር አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ ሁሉም ያላቸው አንድ አንድ ላም ነው። የአንዷ ላም ወተት ለብቻው ገበያ አያደርስም፣ መንገዱም ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ስለዚህ በፈረቃ ያደርጉታል። ዛሬ የሁሉም ወተት ተጠራቅሞ ለአንዷ ይሰጣታል፤ እሷ ይዛ ትመጣለች፣ የዕለቱም ገንዘብ የእሷ ነው። ነገ የሌላዋ ተራ ይሆናል። የቀሩት ቤታቸው ውለው ልጅና እርሻቸውን ያያሉ። እኛ ደግሞ ጠዋት ለሻይ ቤቶቹና ለሆቴሉ እንሰጣለን፣ የተረፈው ይረጋል፣ ከእርጎው የተረፈው ይናጣል፣ አጓቱም ለጥጆቻቸው ይመለሳል። የሚደፋ ነገር ስለሌለ ፍሪጅ አላስፈለገንም፣ እነሱ ስላሉ መኪና አላስፈለገንም አልኩት። ፈረቃውንም ከአያቶቻቸው ነው የወረሱት፤ የእኔ ድርሻ በር ከፍቶ መቀበል ነበር። አንብቦ ሲጨርስ "እማማ፣ ይህ እኮ ድህነት ነው" ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ከሥሩ "አንተ ስትሠራበት የነበረው ባለ ብዙ ማሽን ድርጅት አሁን የት አለ?" ብዬ ጻፍኩበት። እሱም ሳቀ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የቆመው በመተማመን ነው። ከአሥራ አንዱ አንዷ ውሃ ብትጨምር፣ ተቀላቅሎ በአንድ ዕቃ ስለሚመጣ አታውቂያትም። እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ለጥቂት ጊዜ ፈረቃውን አቁሚ። እያንዳንዷ የራሷን ወተት በራሷ ቅል ይዛ፣ ራሷ ትምጣ። ሌላ ሰው መላክ የለም። ያኔ ውሃው የማን እንደሆነ ይለያል። ሐሳቡ ከእኔ እንደመጣ ግን እንዳትነግሪያቸው። እኔን የሚያዩኝ እንደ እናት ነው፤ ይከፋቸዋል። ያንቺ አድርጊው።

ዑሙልኸይር ወሯ ገባ ወይ? እናቷ ወተት ስታመጣ በጀርባዋ አዝላት ከምትመጣበት ዘመን ጀምሮ ነው የማውቃት። ዛሬም "አዮ" እያለች፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ትጠራኛለች። ሰላም በይልኝ።

እናትሽ ወሰንየለሽ


ጭሮ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወሰንየለሽ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ማዞሩስ ቀለል አለልዎ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ "በየሰላቱ ዱዓ አደርግላታለሁ በያት" ብላለች። ወንድሜም ሰላም ይልዎታል፤ "ይህን ወተት ትተሽ በደሳ ነይ፣ ሱቅ ቁሚልኝ" ማለቱን ግን አላቆመም።

ያሉኝን አድርጌአለሁ። እንዴት እንደተቀበሉት ግን ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ባለ ተራዋን ነግሬ ላክኋት፤ በማግሥቱ አሥራ አንዱም ቅላቸውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። በዕድሜ የምትበልጠዋ አዳ ሙሚና ብቻ "ነስሪን፣ የምትለኪው ወተታችንን ነው ወይስ እኛን?" አለችኝ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ጠየቁ። የእኔ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ቅላቸውን አቀብለውኝ ወደ ግድግዳው ያያሉ።

የሁሉንም ለየብቻ ቀምሻለሁ፣ ለየብቻ አርግቻለሁ። እትዬ፣ የሁሉም ቀጭን ነው። አንዷን ከሌላዋ መለየት አልቻልኩም። ተማክረው ጨመሩ እንዳልል ዓይናቸውን ሳየው ልቤ እምቢ ይለኛል።

ዑሙልኸይር ድርስ ነፍሰ ጡር ናት። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። "አንቺ ቅሪ፣ ጎረቤትሽ ታምጣልሽ" ብላት ሳቀችና "የቀረችው ናት ውሃ የጨመረችው ሊባል ነው? እኔ ከሁሉም ፊት እመጣለሁ" አለችኝ። እርስዎን ስላነሳሁላት ደስ ብሏት "አዮ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር" አለች። ቅሏን ተቀብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ይህን ነገር ብንተወውስ?

ልጅዎ ነስሪን


ቢሾፍቱ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነስሪን፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ብንተወውስ" የሚለው ላይ ቆሜ አሰብኩ፤ አሁን የምንተወው ከሆነ ግን ባንጀምረው ይሻል ነበር። የሁሉም ቀጭን ከሆነ ሁሉም ናቸው ማለት ነው። ጥር ላይ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ላም የምትበላው የደረቀ ያገዳ ቆረቆንዳ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ወተት ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም። እኔን በዚህ ማንም አያታልለኝም።

ሁዳዴ ገብቷል፣ እኛ ወተት አንነካም። ረመዳን ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይገባል። ዘንድሮ ሁለቱ ፆም አብሮ መዋሉ ለእኛ ቤት መልካም ነው፤ የክርስቲያኑ ድርሻ ተንጦ ለፋሲካ ቅቤ ይሆናል፣ እርጎው ለማፍጠሪያ ይወጣል። በየዓመቱ በዚህ ጊዜ ነው ስማችንን የምናድሰው። በረመዳን የቀጠነ እርጎ ከሸጥሽ ግን፣ ሃያ ዓመት የገነባነውን ስም የዚያኑ ቀን ቅበሪው። ስለዚህ ረመዳን እስኪያልፍ እንዲሁ ይቀጥሉ። ዕድሉን ሲያጡ ይተዉታል።

ለዑሙልኸይር ባሏ ዓሊዩ አህያ ይፈልግላት። "አዮ ብትኖር" ማለቷን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፣ አልዋሽሽም። ግን እልኸኛነቷ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እናቷም እስከ ምጧ ቀን ስትወጣ ስትወርድ ነበር። ስትወልድ ወዲያው ጻፊልኝ።

እኔ ትናንት ከአልጋ ስነሳ ወደቅሁ። ምንም አልሆንኩም፣ ሚካል ናት የጮኸችው። አፏን አይቼ ነው መጮኋን ያወቅኩት።

ወሰንየለሽ


ጭሮ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወሰንየለሽ፤

የካቲት 19 የጻፉትም ከዚያ በኋላ የላኩትም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ረመዳን ነው፣ ሥራም አለ፣ ሰውነትም ይደክማል። ከወደቁ በኋላ ሚካል በስልክ ነግራኝ በጣም ደንግጬ ነበር። እባክዎ ተደግፈው ይነሱ፣ እልህ አይያዙ።

ስለ ቅቤው ለጠየቁኝ፣ ለፋሲካ የሚሆን ገና አላጠራቀምኩም። ሴቶቹ ሰሞኑን አልመጡም። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሲገናኙ ይነግሩዎታል። ሆቴሉ ለጊዜው ከሌላ ቦታ ያስመጣል።

ስለ አገሩ ለጠየቁኝ፣ ዘንድሮ ነገሩ ሁሉ ተገለባብጧል። ከገና በፊት ጀምሮ ያልታሰበ ዝናብ ነበር፣ አሁንም አላባራም። መሬቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሣሩ ከጉልበት በላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ያንሸራትታል።

ዑሙልኸይርን ደጋግመው ጠይቀውኛል። ወልዳለች። ሴት ናት። ልጅቱ ጤነኛ ናት፤ በደንብ ትጠባለች፣ ድምፅዋም ትልቅ ነው። ፀጉሯ ገና ከአሁኑ ግንባሯ ላይ ወርዷል።

ለአብዱናስር ምንም ጥያቄ ጽፈው እንዳይሰጡት። ያልሆነ ነገር ያበዛል። ይህንን አሳጥሬ በመጻፌ አይቀየሙኝ።

ነስሪን


ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነስሪን፤

እሰይ! እሰይ! እሰይ! ብቻዬን እልል ብዬ የሚካልን ልጆች አስደነገጥኳቸው። ሚካል ሮጣ መጣች፤ ደብዳቤሽን አሳየኋትና "ዑሙልኸይር ሴት ወለደች" አልኳት። ደስታ ነው መሰለኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። አንቺ ግን ምን ዓይነት ጸሐፊ ነሽ? ስለ ሕፃኗ ፀጉር ትጽፊያለሽ፣ ስለ አራሷ አንድ ቃል የለም! እንዴት ወለደች? ቤት ነው ጤና ጣቢያ? ገንፎ የሚያገነፋላት ማን ነው? የዓሊዩ እናት እጇ ለቅቤ ይሰስታል፤ ከእኛ ቤት ወስደሽ ራሷን ቅቢያት። በዚህ ፌስታል ለሕፃኗ ልብስ ልኬአለሁ። ቢጫውን መጀመሪያ ያልብሷት።

አሁን ዋናው ነገር። ልጄ፣ ዝናብ ነበር ብለሽ ለምን ቀድመሽ አልጻፍሽልኝም? እኔም ለምን ቀድሜ አልጠየቅኩሽም! ጥር ነው፣ ደረቅ ነው ብዬ እዚህ ተቀምጬ በልቤ አገሩን አደረቅሁት። ነስሪን፣ ውሃ የጨመረ የለም። ሣሩ ነው! ድንገት ለምለም ሣር የጠገበች ላም ወተቷ ይበዛል፣ ግን ይቀጥናል፣ ቅባት አይዝም። ለዚያ ነው የአሥራ አንዱም አንድ ዓይነት የሆነው። ይህን እኔ ነኝ ለሌላ የማስተምረው። ሽማግሌ ሆኜ ሰው ጠረጠርኩ። ሣሩ ሲጠነክር ወተቱም ራሱ ይመለሳል። እስከዚያ ለሆቴሉ በግልጽ ንገሪው፤ ካልፈለገ ይቅርበት፣ አንተ ስትመጣ የቆምን አይደለንም በይው።

ዛሬውኑ መንደር ውጪ። በየቤታቸው ገብተሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ፈረቃውንም መልሺ። የመጀመሪያው ተራ የዑሙልኸይር ይሁን። አራስ ናትና እሷ ሳትመጣ ሌላዋ ይዛላት ትምጣ፣ ገንዘቡን ግን ለእሷ ላኪላት። ከታረሰች በኋላ ልጇን አዝላ ራሷ ትመጣለች።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? አፍስሼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ለመልቀም ደረስኩ።

ደስ ያላት እናትሽ ወሰንየለሽ


ጭሮ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወሰንየለሽ፤

እባክዎ ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ሚካልን ከአጠገብዎ ይጥሯት።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። በእኛም በእናንተም ወግ ሰው በጠዋት ይላካል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ቀስ አድርጎ ይናገራል። እኔም ሰው ልልክ ነበር። ግን ማን ሄዶ በፊትዎ ቆሞ ቢናገር አፉን ብቻ ነው የሚያዩት፤ በመጨረሻ ያው በወረቀት ሊጽፍልዎ ነው። ከማያውቁት እጅ ከሚያነቡት በእኔ እጅ ይሁን ብዬ ነው።

እትዬ፣ ዑሙልኸይር የለችም። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ወተቷን ይዛ ስትመጣ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች በጋቢ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ልጅቱን ወለደች፣ አቀፈቻትም። ደሙ ግን አልቆመም። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዓሊዩ አህያ ፈልጎላት ነበር፤ እርጥብ መሬት ላይ አህያው ይንሸራተትብኛል ብላ በእግሯ ነው የወረደችው።

ያን ቀን ለሚካል ደወልኩ። እርስዎ በዚያው ሳምንት ወድቀው ስለነበር፣ ሐኪሙም እንዳትደነግጥ ስላለ፣ ትንሽ እናቆየው ተባባልን። ትንሹ በዛ። የደስታ ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ ቢጫውን ልብስ ይዤ መንደር ወጣሁ፤ የዓሊዩ እናት ተቀበለችኝ፣ ግቢ ግን አላለችኝም።

ልጅቱ ትጠባለች ብዬ የጻፍኩት እውነት ነው። ከሴቶቹ ጡት ያላቸው አራት ናቸው፤ በፈረቃ ያጠቧታል። ዛሬ የአንዷ ቤት ታድራለች፣ ነገ የሌላዋ። በእኛ ሃይማኖት የጡት ልጅ እንደ ሥጋ ልጅ ነውና የአራቱም ቤት ልጆች ወንድምና እህት ሆነውላታል። ወደ እኔ ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንዲት ማንኪያ ወተት አልመጣም። ቤቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ቅሎቹን በወይራ አጥናለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ። ሻይ ቤቶቹም ፊታቸውን አዙረዋል።

የሣሩን ነገር አልነገርኳቸውም። አሁን ምን ይረባቸዋል?

ነስሪን


ቢሾፍቱ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነስሪን፤

ሰላምታ የምጽፍበት አቅም የለኝም።

ከወረቀትሽ በኋላ ሚካልን ብዙ ተቆጣኋት። ያን ቀን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ምነው ስላት "የሥራ ነገር ነው" ብላ ጻፈችልኝ። እዚሁ ሳሎን፣ እኔ ሽሮ እየበላሁ፣ የልጄን ሞት በላዬ ላይ ተነጋገራችሁበት። መስማት አለመቻል ይህን ያህል ክፉ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጅቱ ተወለደች ብዬ እልል ስል ሚካል ያለቀሰችው ለዚህ ነበር። አልፈርድባችሁም፣ እኔም ብሆን እደብቅ ነበር፤ ብቻ ያ እልልታ ነው የሚቆጠቁጠኝ።

በጥር ወር የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ራሷ ትምጣ፣ ሌላ ሰው መላክ የለም" ብዬ ጻፍኩ፤ ወረድ ብዬ "ዑሙልኸይር ወሯ ገባ ወይ" አልኩሽ። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ እጅ ጽፌ አንዱን ከሌላው አላገናኘሁትም። አንቺ ብንተወውስ ስትይኝም እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ፤ ለስማችን ብዬ።

ሌሊት ተኝቼ የማስበው ይህን ነው። ፈረቃውን ለሚካል ባል በኩራት ሳስረዳው፣ መኪና ያስቀረልን ነገር ብዬ ነበር። እነሱ ጋ ግን የታመመች የምትተኛበት፣ የወለደች የምትታረስበት፣ ያዘነች ቤቷን ዘግታ የምታለቅስበት ቀን ነው። ለእኛ ወተቱ ርካሽ የሆነልን አንዷ ለሌላዋ ስለምትሸከም ነው። ያንን እያየሁ አላየሁትም። ምን ብልሃት አለኝ ብዬ ስመካ የኖርኩት በእነሱ ትከሻ ነበር።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። አልገደደኝም።

አሁን የማዝሽን አድርጊ። ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ለዓሊዩም ለሴቶቹም ንገሪያቸው። አንድም ቀን አታሳድሪው። ባንቺ ላይ እንዲቀር አልፈቅድም። ፋሲካ ሲያልፍ፣ ሐኪሙ የፈለገውን ይጻፍ፣ መጥቼ ለቅሶ እደርሳለሁ።

ወሰንየለሽ


ጭሮ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወሰንየለሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በዓል እንዳልዋሉ ሚካል ነግራኛለች። እባክዎ እህል ይቅመሱ።

ያዘዙኝን አላደረግሁም። ስለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ምክንያቴን ያንብቡልኝ።

ሰኞ የዓሊዩ እናት ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ እናቴ ቤት መጣች። ተነጋግረው፣ ተስማምተው ነው የመጡት። ሴቶቹ ፈረቃቸውን ይመልሳሉ፣ ወተቱንም እንደ ድሮው ያመጣሉ። ቤቱ ግን የአዮ ወሰንየለሽ ይሁን፣ ነስሪን ደጁ ላይ አትታይ አሉ። እናቴ ልትከራከር ነበር፤ እኔ እሺ አልኩ። ነገ ወደ በደሳ እሄዳለሁ። የቤቱ ቁልፍ እናቴ ጋ ነው።

እትዬ፣ አሥሩ ቤት ከዚህ ወተት ሌላ በየጊዜው የሚገባለት ነገር የለም። ማሽላው ገና ነው፣ በሬ የሚያደልቡትም ለዓመት ነው። ይህ በር ከተዘጋ እያንዳንዷ ያቺን ትንሽ ወተቷን ይዛ በየቀኑ ቁልቁለቱን ልትወርድ ነው። ደግሞ ወተት በአንድ ዕቃ የሚቀላቅለው የሚያምነው ሰው ያለው ነው። በእኔ ላይ የነበራቸው አልቋል፤ የቀሩላቸው እርስዎ ነዎት። እርስዎንም ካጡ ማንን አምነው ነው የሚመጡት?

እንዲዋሹ አልጠይቅዎትም። ዝም ይበሉ ነው የምልዎ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ቢያለቅሱ ማንም ለምን አለቀስሽ አይልዎትም። እኔ ወጣት ነኝ፣ ወንድም አለኝ፣ ሱቅ መቆም እችላለሁ። የእኔ ስም ቢጠፋ የሚጎድል ወተት የለም።

አንድ ነገር ብቻ ከፍቶኛል፣ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ልጅቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላቀፍኳትም።

ልጅዎ ነስሪን


አሰበ ተፈሪ (ጭሮ)፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

በደሳ ላለሽው ለልጄ ለነስሪን፤

ሐኪሙ ያለው እውነት ነበር። ከአዋሽ ጀምሮ ምድርና ሰማይ እየተለዋወጡብኝ ነው የመጣሁት። አብዱናስር የፊት ወንበር ሰጥቶ፣ ረዳቱን ፌስታል አስይዞ አደረሰኝ። ሚካልም አብራኝ ነበረች።

ያልሽኝን ላደርግ ነበር የወጣሁት። እውነቴን ነው። ዝም ብዬ አልቅሼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ወተቱን ተቀብዬ የቀረችኝን ዕድሜ ልጨርስ። ያልሽውም ልክ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። መንደሩ ስንደርስ ዓሊዩ ከሩቅ ሲያየኝ እየሮጠ መጣ። ደግፎ አስገባኝ፣ የራሱን ጋቢ አንጥፎ አስቀመጠኝ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ሕፃኗን አምጥተው እቅፌ ላይ አደረጉልኝ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ተቀምጠው እጄን ያሻሹልኝ ነበር። ሚካል የሚሉትን ስትጽፍልኝ፣ ዓሊዩ "አዮ ብትኖር ሚስቴ አትሞትም ነበር" እያለ ነው።

እሱን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቻይልኝ ልጄ።

በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ነስሪን የተናገረችው የእኔን ቃል ነው፣ ፈረቃውን ያስቆምኩ እኔ ነኝ፣ እንተወው ስትለኝ እምቢ ያልኩም እኔ ነኝ፣ ውሃም የጨመረ አልነበረም፣ ሣሩ ነው አልኳቸው። ድምፄን ስለማልሰማው ልጩህ ላንሾካሽክ አላውቅም። ፊታቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ዓሊዩ ተነስቶ ወጣ። ከሚያጠቡት አንዷ መጥታ ሕፃኗን ከእቅፌ ወሰደች። አልነጠቀችኝም፣ ቀስ ብላ ነው የወሰደቻት። እጄን ሲያሻሹ የነበሩትም እጃቸውን ሰበሰቡ። ማንም ውጪ አላለኝም፣ እኔ ግን ተነሳሁ።

ሚካል እንመለስ አለችኝ፤ እምቢ ብዬ እሷን መለስኳት። ቁልፉን ከእናትሽ ተቀብዬ ቤቱን ከፈትኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ፣ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ ሳትጠይቀኝ ምግብ ታመጣልኛለች። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ማንም አልመጣም። መጨረሻውን አበላሽቼ፣ የአሥሩን ቤት እንጀራ ለገዛ ሕሊናዬ ሸጥኩት ብዬ ራሴን ስረግም ነው ያደርኩት። አንቺ ሰዉን አስበሽ ነበር ዝም በይ ያልሽኝ፤ እኔ ስናገር ያሰብኩት ማንን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

ዛሬ ጠዋት አዳ ሙሚና ብቻዋን መጣች። የያዘችው የአንድ ላም ወተት አልነበረም፤ የሁሉም ነው፣ አንድ ላይ ነው። ሳታየኝ ገባች፣ ገለበጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ተናገረች። ረጅም ነው የተናገረችው። እጇን አንዴ ወደ ተራራው፣ አንዴ ወደ እኔ እያደረገች፣ እንባዋ እየወረደ። ከንፈሯን አፍጥጬ አየሁት፣ አንድም ቃል አልለየሁም። የሚጽፍልኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ገንዘቡን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም፤ ዕቃዋን አንስታ ሄደች። ነገ ሌላዋ ትምጣ አትምጣ አላውቅም።

ነይ ልጄ። አሁን ሁሉም አውቀዋል፣ የምትሸሺበት ምክንያት የለሽም። ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቂልኝና ነይ። መጥተሽ መንደር ውጪ፣ አዳ ሙሚናን ምን እንዳለችኝ ጠይቂልኝ። እርግማንም ከሆነ፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወሰንየለሽ